ሳላነብ የፈረምኩባት ድመት

የበደለችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ዓመቱ በፈረንጆቹ 2014 ነው፤ ዕለቱ የሁዳዴ እኩሌታ፣ ከደብረ ዘይት እሑድ በኋላ ያለው ማክሰኞ። ቀኑን የማስታውሰው ቂም ስለያዝኩ ብቻ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራች ሴት ቀን አትረሳም።

ስሟን አልጽፍም። የሚያውቋት ያውቋታል። ፌርፋክስ ላይ የባልትና ሱቅ አላት። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምስር ክክ፣ በከረጢት የመጣ የጤፍ ዱቄት፣ በፌስታል የታሰረ እንጀራ ትሸጣለች። ወደ ሎስ አንጀለስ ያመጣችኝም እሷ ናት። ማመልከቻውን አስገብታ ብዙ ዓመት ጠበቀች፤ እኔም እናታችንን አስታምሜ፣ ቀብሬ፣ ጡረታዬን አስከብሬ መጣሁ። ስለ ውለታዋ ከዚህ በላይ አልልም። እኔ ባልናገረው እሷ ትናገረዋለች።

ቤቷ ባልድዊን ሂልስ ኮረብታ ላይ ነው። የሚመጣ እንግዳ ሁሉ መስኮቱ ጋ ቆሞ እይታው እንዴት ያምራል ይላል። እኔ ያንን እይታ አንድ ዓመት ሙሉ አየሁት። መኪና አልነዳም። አውቶቡሱ የሚቆምበት ድረስ መውረድ ይቻላል፤ ተመልሶ መውጣቱ ግን በእኔ ጉልበት የሚታሰብ አልነበረም። በሩ ደግሞ አላርም አለው። ቁጥሩን እንድትነግረኝ ሁለት ጊዜ ጠየቅኳት። በመጀመሪያው፣ "አንቺ ብቻሽን የት ልትሄጂ?" አለችኝ። በሁለተኛው፣ "ኦኬ፣ እጽፍልሻለሁ" አለች፤ አልጻፈችም። አንድ ቀን ልብስ ላሰጣ የጓሮውን በር ብከፍት ጩኸቱ ሰፈሩን አናጋው። ሽጉጥ የታጠቀ ጥበቃ መጥቶ በመስታወቱ አጮልቆ አየኝ፤ እኔም እርጥብ አንሶላ አቅፌ አየሁት። ከዚያ ወዲያ ልብሴን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ማስጣት ለመድኩ።

በሁለተኛው ዓመት ሱቅ ትወስደኝ ጀመር። በጓዳው ውስጥ ተቀምጬ በርበሬና ሽሮ እየመዘንኩ በከረጢት አሽጋለሁ። ጓዳው ወደ ኋላ መንገድ የሚያስወጣ የብረት በር አለው። ከበሩ ውጪ የቆሻሻ ገንዳዎች፣ የእኛና የጎረቤት ምግብ ቤት መኪና ማቆሚያ፣ ከዚያ የግንብ አጥር ነው። የዚያን የብረት በር ቁልፍ ሰጠችኝ፤ ቆሻሻ የምጥለው እኔ ነኛ። በዚህ አገር ሁሉ በእጄ የነበረው ቁልፍ እሱ ብቻ ነበር። ይህን የምጽፈው ድመቷን ከእነዚህ ገንዳዎች መሀል እንዳገኘኋት ሰው እንዲያውቅልኝ ነው። ድመት ወዳድ ሆኜ አላውቅም። እናታችን ቤት ድመት የነበረው ለአይጥ ነው፤ ማንም አቅፏት አያውቅም።

ዝንጉርጉር ናት፤ ግራጫ ላይ ጥቁር። ስም አላወጣሁላትም። "አንቺ" እላታለሁ፣ ትመጣለች። ሌላ ሰው ሲጠራት ከገንዳው ሥር ትገባለች። በጤፍ ከረጢቶቹ መሀል አይጥ ሲገኝ እህቴ ራሷ ናት "እስቲ ያቺን ድመት አስገቢያት" ያለችኝ። አስገባኋት። በሦስት ቀን አይጥ የሚባል ጠፋ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ከጓዳው እንድታድር ተፈቀደላት፤ እህቴም ለደንበኛ ሁሉ "የእኔ ሴኪዩሪቲ" እያለች ታወራላት ነበር።

የዚያን ዓመት የካቲት ውስጥ ድመቷ እንዳረገዘች አወቅሁ። ጡቶቿ ቀልተው ጎላ ጎላ አሉ። ሆዷ ከጎን ወጣ። ባዶ ከረጢቶች በማስቀምጥበት መደርደሪያ ሥር ገብታ ከረጢቱን እየረገጠች ታለሰልስ ጀመር። ዓመት ቀደም ብሎ ከገንዳው ኋላ አምስት ወልዳ ነበር። ከአምስቱ ሦስቱን የት ሞተው እንዳገኘኋቸውና በምን ጠቅልዬ እንደጣልኳቸው ለእህቴ አልነገርኳትም። አንዱን መኪና ነው የገጨው። ሁለቱን ምን እንደገደላቸው አላውቅም። ይህን የምጽፈው ለእኔ የማይጠቅም እውነት ቢሆንም እውነት ስለሆነ ነው።

በዚያው ሰሞን ሌላም ጉዳይ ነበር። የእናታችን ቤት፣ አዲስ አበባ ያለው፣ በሁለታችን ስም ነው። እህቴ ልትሸጠው ፈልጋለች። ጠበቃዋ የላከው የውክልና ወረቀት በመኝታ ክፍሏ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከፋሲካ በኋላ ቆንስላ ሄጄ እንድፈርም ተነጋግረናል። ሲነበብልኝ ሰምቻለሁ። ራሴ አላነበብኩትም። ታናሽ እህቴ አንብባልኝ ሳለ "እስቲ ስጪኝ፣ እኔም ልየው" ማለት አላምንሽም ማለት መስሎ ታየኝ።

ደብዳቤው የመጣው ያኔ ነው። የሱቁ አከራይ በኋላ መንገድ ድመቶች እየበዙ ነው፣ ምግብ በሚሸጥበት ቤት ይህ አይቻልም ብሎ ጻፈ። እህቴ ደብዳቤውን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ አንድ ሳምንት ዞረች። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ከኮረብታው እየወረድን፣ መኪናው ውስጥ ነገረችኝ።

"እታለም።"

እታለም የምትለኝ አንድ ነገር ስትፈልግ ነው።

"ያቺን ድመት ፊክስ እናስደርጋት።"

"ምኗ ተሰብሮ?"

"አትቀልጂ። እንዳትወልድ ማለቴ ነው። ማህፀኗን ያወጡታል፣ በቃ። እዚህ አገር ሁሉም ሰው ያደርጋል። እንዲያውም የማያደርግ ሰው ነው እንደ ጨካኝ የሚታየው።"

"አርግዛለች እኮ።"

"ሶ? ከወለደች ማን ሊወስዳቸው ነው? አንቺ? የእንስሳት ማቆያ ሼልተር ቢገቡ ሰው ካልወሰዳቸው በመርፌ ነው የሚገድሏቸው። የቱ ይሻላል?"

ጥያቄዋ የውሸት ጥያቄ አልነበረም፤ ከገንዳው ኋላ ያገኘኋቸውን ሦስቱን አስታወስኩ። ሆኖም አንድ ነገር አልኳት። "ይሁን። ግን ትውለድ። ወልዳ፣ አጥብታ፣ ጡት ካስጣለቻቸው በኋላ የፈለግሽውን አስደርጊያት። እኔ ራሴ ይዤልሽ እሄዳለሁ። ለግልገሎቹ ሰው የምፈልገውም እኔ ነኝ።"

"እናያለን" አለች።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የወሎው ባለታክሲ ሱቅ መጣ። እሱ ሰው ሳይጭን በሚውልበት ቀን ሁሉ ይመጣል፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ሰው ሁሉ በስልኩ መኪና መጥራት ስለጀመረ ብዙ ቀን ሳይጭን ይውል ነበር። ከእኔ በጥቂት ዓመት ያንሳል። እኔን "እትዬ" ይለኛል፣ በአንቱታ፤ እህቴን ግን እኩያው ስለሆነች አንቺ ነው የሚላት። ጉዳዩን ነገረችው፤ እንዲያግዛት መስሏት።

"እኔ የማይገባኝ አንድ ነገር አለ" አለ፣ ባንኮኒውን ተደግፎ። "ፈረንጁ ልጅ አልወልድም ብሎ ድመት ያሳድጋል። ድመቷም እንዳትወልድ ያደርጋል። ታዲያ ይህ አገር በማን ሊሞላ ነው?"

"በአንተ ልጆች" አለች እህቴ። ስድስት ልጆች አሉት።

"አልሐምዱሊላህ።"

"አንተንም ቀደም ብለው ፊክስ አስደርገውህ ቢሆን ኖሮ ኪራይህ ይቀልልህ ነበር።"

"እኛ ጋ የሚኮላሸው በሬ ነው፤ እሱም እርሻ አለበት። እኔ ምን ላርስ?" እየሳቀ ወደ እኔ ዞረ። "እትዬ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?"

ያልኩትን ደገምኩለት። ትውለድ፣ ከዚያ ይሁን። ሰውየው ሳቁን አቆመና እህቴን አያት። "ያረገዘችዋንስ ተያት። በነፍሰ ጡር ላይ አይጨከንም።"

ሁለት ሰው ሲያያት ጊዜ እህቴ እጇን አነሳች። "ኦኬ፣ ኦኬ። በእማዬ አፅም፣ ሳትወልድ አልነካትም። ረካችሁ?"

በእናታችን አፅም ማለች። ያን አፅም ያስቀበርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ለቀብር አልደረሰችም። ትኬት አልተገኘም ነበር። ይህን ያኔ አልተናገርኩም። መሐላዋን ተቀበልኩ፤ እንዲህ ብሎ ከማለ ሰው ሌላ ዋስ አይጠራም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በመኪናው የኋላ ወንበር ላይ የፕላስቲክ ሳጥን አየሁ፤ የብረት ፍርግርግ በር ያለው። ምንድን ነው አልኳት።

"ክትባት። አከራዩ የክትባት ወረቀት ካሳየሁት ዝም ይላል። አንድ መርፌ ወግተዋት ከሰዓት ትመለሳለች። ግን አንቺ ካልያዝሻት ሳጥን አትገባም።"

እውነቷን ነበር፤ እኔ ካልያዝኳት አትገባም። ከሱቁ መደርደሪያ የቱና ቆርቆሮ ከፍቼ፣ በሁዳዴ ጣቴን በዓሣ ዘይት ነክሬ፣ "አንቺ" ብዬ ጠራኋት። ከመደርደሪያው ሥር ወጥታ ጣቴን ላሰች። እየላሰች ሳለ እየሳብኩ ሳጥኑ ውስጥ አስገባኋትና በሩን ዘጋሁት። አልጮኸችም። በፍርግርጉ በኩል ጣቴን እያሸተተች ቆመች። እኔም ከአጠገቧ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እህቴ በመስታወት አየችኝና "ታክሲ ነጂ አደረግሽኝ" አለች።

የእንስሳት ክሊኒኩ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ውስጥ ነው፤ ከሱቁ በመኪና ጥቂት ደቂቃ። ከፊታችን ውሻ የያዘ ሽማግሌ አለ፣ ከኋላችን አንዲት ሴት ጥንቸል አቅፋ ቆማለች። የምትመዘግበዋ ልጅ ቅጹን አቀረበችና ባለቤቷ ማን ናት አለች። እህቴ በእጇ ወደ እኔ ጠቆመች። "የእሷ ናት" አለቻት በእንግሊዝኛ። ያን ያህል እንግሊዝኛ እሰማለሁ። አምስት ዓመት አገሩ ስኖር የእኔ ነው የተባለ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበርና፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ቅጹ ከታች ካርቦን ያለው፣ ሁለት ገጽ ነው። አራት ቦታ ላይ ምልክት አድርጋ ልጅቷ እስክሪብቶ ሰጠችኝ።

"ምን ይላል?" አልኳት እህቴን።

"ከአሥር ሰዓት በፊት እንድትወስጃት ነው። ሳይን አድርጊ።"

"ይሄ ሁሉ ስለ ሰዓት ነው?"

"እታለም፣ ሰው ከኋላ ቆሟል።"

እዚህ ላይ ነው የእኔ ጥፋት ያለው፤ አልሸፍነውም። እንግሊዝኛ ማንበብ እችላለሁ። ቀስ እያልኩ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ግን እችላለሁ። መዝገብ ቤት ሳለሁ ሳያነብ የሚፈርም ሰው ሲመጣ ብዕሩን ነጥቄ "መጀመሪያ አንብብ፣ አለዚያ ላንብብልህ" እል ነበር፤ በዚህ ጠባዬ ብዙ ሰው ጠልቶኛል። ያን ቀን ግን መነጽሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ባነብ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እህቴን አላመንኳትም ማለት ነው። ልጅቷ ታየናለች። ጥንቸል ያቀፈችው ታየናለች። ይሉኝታ ያዘኝ። አራቱም ቦታ ላይ ፈረምኩ። ፊርማዬ ረጅም ነው፣ የቢሮ ፊርማ ነው፤ ልጅቷ "ቆንጆ ፊርማ" አለችኝ። ሮዙን ቅጂ ቀድዳ ሰጠችኝና በሽርጤ ኪስ አስገባሁት።

እህቴ ሱቅ አድርሳኝ ዕቃ ልታመጣ ወደ ጅምላ መደብር ሄደች። ብቻዬን ሽሮ ሳሽግ ቆየሁ። እኩለ ቀን ሊሆን ሲል እጄን ታጥቤ መነጽሬን አደረግሁና ቅጂውን አወጣሁ። መጠራጠሬ አልነበረም። የምትመለስበትን ሰዓት ከወረቀቱ ልይ ብዬ ነው። በሁለተኛው ገጽ ላይ 'ፕረግናንት'፣ እርጉዝ፣ የምትል ቃል አየሁ። ያቺን ቃል አውቃታለሁ፤ እዚህ አገር ስልሳ ዓመት ያለፈኝን ሴት እንኳ እያንዳንዱ ሐኪም ቤት በቅጹ ላይ ይጠይቀኛል። በጣቴ እየተከተልኩ ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ጀመርኩ። እንስሳዋ አርግዛ ብትገኝ ቀዶ ጥገናው እንደማይቋረጥ፣ እርግዝናውም አብሮ እንደሚወጣ አውቄ ተስማምቻለሁ ይላል። ከጎኑ ፊርማዬ አለ። ሦስተኛው ፊርማ።

ባለታክሲው የገባው ያኔ ነው። ወረቀቱን ሰጠሁት። አነበበና "እትዬ፣ ይህን አንብበው ነው የፈረሙት?" አለኝ።

"ወንድሜ፣ ትወስደኛለህ?"

"ሱቁስ?"

የፊተኛው በር ቁልፍ በእህቴ ቦርሳ ነው ያለው። በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩት። መብራቱን አጠፋሁ። በጓዳው በር በራሴ ቁልፍ ወጣሁና ቆለፍኩት። ሱቁ በሥራ ቀን ሲዘጋ ያ የመጀመሪያው ነበር። ታክሲው ውስጥ ከፊት ተቀመጥኩ። ሰውየው በቢጫ መብራት ሁለት ጊዜ አለፈ፤ እሱ ወትሮ ጥንቁቅ ነጂ ነው። "አብሽሩ፣ ይደረሳል" ይለኛል በየመሀሉ። ክሊኒኩ ስንደርስ መኪናውን መቆም በተከለከለበት፣ ቀይ በተቀባ ጠርዝ ላይ ጥሎት ተከትሎኝ ገባ።

ጠዋት ተጠናቋል አለች ልጅቷ። ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ነበረች።

ሐኪሙ ራሱ ወጣ። ወጣት ነው፤ ዓይኑ የደከመ። ባለታክሲው እያስተረጎመ፣ እኔም የምሰማውን እየሰማሁ ተነጋገርን። እሱን አልወቅሰውም፤ የፈረምኩለትን ነው የሠራው። አርግዛ ነበር ወይ አልኩት። አዎ አለኝ፣ የመውለጃዋ ቀን ሩቅ አልነበረም። ስንት? አራት። ወረቀቱን አውጥቶ ሦስተኛውን ፊርማ በትሕትና አሳየኝ። "ያውቃሉ ብዬ ነው" አለኝ።

ከዚያ ተቀምጦ አስረዳኝ፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ድመት ካላረገዘች በየጥቂት ሳምንቱ ወንድ ትፈልጋለች፤ ስትፈልግ ትንከራተታለች፣ ስትንከራተት መኪና ይገጫታል ወይ በሽታ ታመጣለች። መውለድ መደጋገሙ ያደክማታል። የማህፀን መግል የሚባል አለ፣ ካልደረሱበት የሚገድል፤ ማህፀኑ ከወጣ እሱ አይኖርም። የጡት ዕጢም በጊዜ የተሠራላትን ድመት እምብዛም አያገኛትም፤ የእርስዎ ዘግይታለች፣ ያም ሆኖ ብዙ ነገር ይቀርላታል አለ። ጉዳቱንም አልደበቀኝም። በእርግዝና ላይ ሲሆን ደም ይበዛል፣ ስፌቱም ይረዝማል። ከእንግዲህ በቀላሉ ትወፍራለች፣ ምግቧን ይመጥኑላት።

"ከወለደች በኋላ ቢሆንስ ኖሮ?" አልኩት።

ይቻል ነበር አለ። ለእሷ ለራሷ ያኔ ይቀል ነበር። ግን የሚወለዱት አራት ደግሞ ቤት ያስፈልጋቸዋል፤ በየዓመቱ በዚህ ወር የሚመጡለትን ግልገሎች ሁሉ የሚወስድ ሰው የለም፤ አንዳንዱ ቀን እሱ ራሱ መርፌውን ይወጋል። ይህን ሲል ወደ እኔ አላየም። ስለዚህ ነገር ማንም ንጹሕ እጅ የለውም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ግን ያ ሰው እኔን አልዋሸኝም።

ድመቷን አመጡልኝ። ስፌቱን እንዳትልስ አንገቷ ላይ ፕላስቲክ ተጠምጥሞባታል። ሆዷ ተላጭቷል፣ ከስፌቱ ጎን አንድ አጭር አረንጓዴ መስመር ተነቅሷል። ምንድን ነው አልኩ። የተሠራላት እንደሆነች ለወደፊት ሐኪም ማወቂያ ነው ተባለ።

"እሷም ግሪን ካርዷን አገኘች" አለ ባለታክሲው። ከዚያ ፊቴን አይቶ "ይቅርታ፣ እትዬ" አለኝ። ስንወጣ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ወረቀት ከመኪናው መስታወት አንስቶ ሳያነበው ኪሱ ከተተ።

እህቴ ማምሻውን ሱቁን ዘግተን ስንወጣ ነው የተናገረችኝ። መኪናውን አላስነሳችም።

"ሱቄን ዘግተሽ ሄድሽ። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ደወለልኝ።"

"ክትባት ነው ብለሽኛል።"

"ባልልሽ ኖሮ ትይዣት ነበር?"

"አልይዝም።"

"ሶ ምን ላድርግ? ይህ ሱቅ ቢዘጋ የት እንገባለን? አንቺስ የት ትገቢያለሽ? ድመት እኮ ናት።"

"ድመት መሆኗን አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"በእማዬ አፅም ምለሻል።"

"ወደ እማዬ ደግሞ አትሂጂብኝ።"

ያኔ ነው ያ ነገር ከአፌ የወጣው። "ትውለድ ነው ያልኩሽ። ለአንቺም ያኔ ያልኩት ያንኑ ነው።"

ፊቷ ሲገረጣ በመንገዱ መብራት አየሁት። "እኔን ከድመት ጋር?" አለች።

ንጽጽሩ ክፉ ነበር። ከወጣ በኋላ ነው ያወቅሁት፤ ግን አልመለስኩትም፤ እዚህም አልመልሰውም። እህቴ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ሳታገባ፣ አርግዛ ነበር። እናታችን ነገሩን በስውር የምትጨርስ ሴት አነጋግራ ቀን አስቆርጣለች። እኔ በዚያ ቀን ከሥራ ቀርቼ የግቢውን በር ዘግቼ ቆምኩ። "ትውለድ። እኔ አሳድገዋለሁ" አልኩ። ወለደች፤ አሳደግኋትም፤ እሷ አሜሪካ ሄዳ እስክትወስዳት ድረስ ሰባት ዓመት። ልጅቷ ዛሬ ዌስትውድ ትሠራለች፤ በበዓል ቀን መጥታ ጉንጬን ስማ ትሄዳለች። ይህን አታውቅም። ይህን ካነበበች ታውቃለች።

ወደ ኮረብታው ወጣን። እሷ የአላርሙን ቁጥር ስትነካ ጀርባዋን ሰጠችኝ፤ እኔም እንደ ወትሮዬ ፊቴን አዞርኩላት። ድመቷ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነበረች። ቤት አትገባም ተብሏል።

ከመደርደሪያው ሥር፣ ከረገጠችው ከረጢት ላይ ሁለት ቀን ተኛች። ግልገሎቿን ፈለገች አልልም። ድመት የምታስበውን አላውቅም፤ እናውቃለን የሚሉትንም አላምናቸውም። ጡቷ ወተት አግቶ እንደነበር ግን በእጄ ዳስሼ አውቃለሁ። በሦስተኛው ቀን ተነስታ በላች። በአሥረኛው ቀን ስፌቱ ደርቆ ፕላስቲኩ ወጣላት። እህቴ "አየሽ? ምንም አልሆነችም" አለችኝ። ምንም አልሆነችም። ይህም እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ አልታመመችም፤ ወፍራለች፣ ፀጉሯ ያበራል። ከገንዳው ኋላም ሌላ ሞቶ ያገኘሁት ግልገል የለም። አንድ ሰው ዛሬ መጥቶ ድመቴን ላስደርጋት ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ አስደርጋት እለዋለሁ፤ በጊዜ፣ ሳታረግዝ። እኔ ቂም የያዝኩት በዋሸችኝ እንጂ በቢላዋው አይደለም።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው ማክሰኞ እህቴ የውክልናውን ወረቀት ከመሳቢያው አውጥታ ቁርስ ላይ ከፊቴ አኖረችው። ቆንስላው አፖይንትመንት ሰጥቶናል፣ አርባ አምስት ደቂቃ አለን አለች። መነጽሬን አደረግሁ።

"ምን ታደርጊያለሽ?"

"አነባለሁ።"

"አንብቤልሻለሁ እኮ።"

"ሰምቻለሁ።"

በአማርኛ የተጻፈ ስድስት ገጽ ነው። በአራተኛው ገጽ ላይ፣ ወኪሏ ቤቱን በፈቀደችው ዋጋ ሸጣ ገንዘቡን በራሷ ስም ትቀበላለች፣ ወካይዋም ወደፊት ምንም ጥያቄ አታነሳም ይላል። ስታነብልኝ ያንን አልሰማሁም። ምናልባት አልፋው ነው። ምናልባት እኔ አልሰማሁ ይሆናል። አልጠየቅኋትም። ወረቀቱን አጥፌ መለስኩላት።

ባለታክሲው ፒኮ ሮበርትሰን ከምትኖር አንዲት አሮጊት ጋር አገናኘኝ፤ ማታ ማታ አብሯት የሚያድር ሰው ትፈልግ ነበር። ድመት ይፈቀዳል ወይ አልኳት። የተሠራላት ናት ወይ አለችኝ። ወረቀቷን አሳየኋት። የሱቁን የጓዳ በር ቁልፍ ባንኮኒው ላይ ትቼ፣ ድመቷን በሳጥኑ ይዤ፣ በግንቦት ወጣሁ። እህቴ በበዓል ትደውላለች፤ አነሳለሁ፤ ስለ ጤናዋ እጠይቃለሁ። ሮዙ ቅጂ አለኝ። ውክልናውን አልፈረምኩም።